እያየ የሚታከም ዓይን

በልደታ የቀላል ባቡር ፌርማታ ወርዶ ወደ ኮንዶሚኒየሞቹ የሚሻገር አንድ የስልሳ ዓመት ሰው እንውሰድ። ጋዜጣ ያነባል። ከመንገዱ ማዶ የቆመ ጎረቤቱን በመልኩ ለይቶ ሰላም ይላል። ነገር ግን ከጎኑ ጋሪ እየገፋ የመጣውን ወጣት ሳያየው አጠገቡ ሲደርስ ይደነግጣል፤ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ያደናቅፈዋል፤ ደረጃ ሲወርድ የመጨረሻዋ ደረጃ ትሰወርበታለች። ቤተሰቡ «ዕድሜ ነው» ይላል። እሱ ጫማውን ወይም የመንገዱን መብራት ይወቅሳል። መነጽር ቤት ቢገባ የፊደሉን ሰሌዳ እስከ ታችኛው መስመር አንብቦ «ዓይንህ ደህና ነው» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ይህ ሁሉ እየሆነ ግን የዓይኑ ነርቭ ብዙ ክሮች ሞተው ሊሆን ይችላል።

በሽታው ግላኮማ ነው፤ በየሰፈሩ «የዓይን ግፊት» የምንለው። በዓለም ላይ የማይመለስ ዓይነ ስውርነትን በማስከተል የሚስተካከለው የለም። በዚህ ምዕራፍ የማስረዳው ነገር አንድ ነው፤ ዝርዝሩ ሁሉ ወደዚያው ይመለሳል። ሞራ ያለበት ሰው ማየት ካቆመ በኋላም ቢሆን በኦፕራሲዮን ብርሃኑ ሊመለስለት ይችላል። ግላኮማ ያለበት ሰው ግን መታከም ያለበት እያየ ሳለ ነው። በአገራችን ይህ ሳይሆን የሚቀረው ሕክምናው ስለሌለ ብቻ አይደለም። ሰው ሆስፒታል የሚሄደው ሲያመው ነው፤ ይህ በሽታ ደግሞ በአብዛኛው አያምም።

ግፊቱ ከየት ይመጣል?

ዓይናችን ውስጥ ያለማቋረጥ የሚመነጭና የሚወጣ ንጹህ ፈሳሽ አለ። ከእንባ ጋር ግንኙነት የለውም፤ እንባ ዓይንን ከውጭ ያርሳል፣ ይህኛው ግን ከውስጥ ሌንሱንና የዓይንን መስታወት (ከፊት ያለውን ግልጽ ሽፋን) ይመግባል። በየደቂቃው የሚመነጨው ከ2 እስከ 3 ማይክሮ ሊትር ነው፤ ከመድኃኒት ጠርሙስ የምትወርደው አንዲት ጠብታ ያህል ለመመንጨት ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ፈሳሹ በብሌኑ በኩል ወደ ፊት አልፎ፣ አይሪስ የሚባለው ቀለም ያለው ክፍል ከነጩ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ባለች ወንፊት መሰል መውጫ በኩል ወደ ደም ሥር ይገባል። ነገሩ ክዳኑ እንደተገጠመ ሮቶ ነው፤ ቧንቧው መሙላቱን ሳያቆም መውጫው ከጠበበ ውስጡ ይወጠራል። አብዛኛው ጤነኛ ሰው የዓይን ግፊቱ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ባለው መካከል ነው።

ይህ ግፊት ከደም ግፊት የተለየ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የደም ግፊት ክኒን የሚወስድ ሰው «እኔ የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ» ብሎ የዓይኑን ምርመራ ሊተወው አይገባም። ደሙ ተስተካክሎ ዓይኑ ሊወጠር፣ ዓይኑ ጤነኛ ሆኖ ደሙ ሊጨምር ይችላል።

ጉዳቱ የሚደርሰው ከዓይን በስተጀርባ ነው። ዓይን ያየውን ወደ አንጎል የሚወስደው ነርቭ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ቀጫጭን ክሮች አሉት። እነዚህ ክሮች ከዓይን ሲወጡ በሚያልፉባት ጠባብ ቦታ ላይ ግፊቱ ይጫናቸዋል፤ የደም አቅርቦታቸውም ይጓደላል። አንድ ክር ከሞተ አይተካም። መጀመሪያ የሚጠፉት በአብዛኛው የዳርና የጎን እይታን የሚያገለግሉት ናቸው፤ ፊት ለፊት የምናነብበትና መልክ የምንለይበት ማዕከል መጨረሻ ላይ ይቀራል። ከሩብ በላይ የሚሆኑት ክሮች እስኪጠፉ ድረስ በመሣሪያ የሚሠራ የእይታ ክልል ምርመራ እንኳ ጉድለቱን ላያሳይ ይችላል። በዚያ ላይ አንዱ ዓይን የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል፤ አንጎልም ባዶውን ቦታ ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ታማሚው ጥቁር ነገር ፊቱ ተጋርዶ አያይም፤ የጠፋው ነገር መጥፋቱን አያውቅም።

ሐኪሞችም ቢሆኑ ይህን ነርቭ በሕይወት ባለ ሰው ዓይን ውስጥ ማየት የቻሉት ከ1851 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ የዓይንን ውስጥ ማያ መሣሪያ ካስተዋወቀ በኋላ። ዛሬ በየዓይን ክሊኒኩ ባለሙያው ብርሃን ይዞ ወደ ዓይናችን ሲጠጋ ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነርቭ ነው። በመካከሉ ያለችው ጎድጓዳ ቦታ ከሰፋች ክሮች አልቀዋል ማለት ነው።

ግላኮማ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ማዕዘኑ ክፍት ሆኖ መውጫው ቀስ በቀስ የሚደፈንበት «ክፍት ማዕዘን» የሚባለው በአፍሪካ በብዛት የሚታየው ነው፤ ድምፁን አጥፍቶ ለዓመታት ይጓዛል። «ዝግ ማዕዘን» የሚባለው አይሪሱ ራሱ መውጫውን ሲዘጋ የሚመጣ ነው፤ አንዳንዴ በድንገት ብርቱ ሕመም፣ የዓይን መቅላት፣ ማስታወክና መብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለበት ማየት ያስከትላል። እንዲህ ያለው ሰው ለነገ ሊያድር አይገባም፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ሕፃናት ይዘውት የሚወለዱት ዓይነትም አለ። ከመድኃኒት የሚመጣውን ደግሞ ኋላ ላይ እናየዋለን።

በአገራችን ስንት ሰው ይይዛል?

በኢትዮጵያ የዓይነ ስውርነትን መጠን በአገር አቀፍ ደረጃ ያሳየን ጥናት በ1998 ዓ.ም. (በ2005 እና 2006 እ.ኤ.አ.) የተካሄደው ቅኝት ነው፤ ውጤቱን የማነ ብርሃነ፣ አለማየሁ ወርቁና አበበ በጅጋ አሳትመውታል። ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኘ፤ በወቅቱ 1.2 ሚሊዮን ሰው ገደማ ማለት ነው። ከምክንያቶቹ ግማሽ ያህሉን፣ 49.9 በመቶውን፣ የያዘው ሞራ ነበር። ትራኮማ 11.5 በመቶ፣ የመነጽር እጦትና ሌሎች የዓይን መስታወት ጠባሳዎች እያንዳንዳቸው 7.8 በመቶ ይዘው ተከተሉ። ግላኮማ 5.2 በመቶ ሆኖ አምስተኛ ተመዘገበ።

አምስት በመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል። ቁጥሩን በሰው ብንመነዝረው ግን በዚያን ጊዜ ከ60 ሺህ በላይ ዓይነ ስውራን ማለት ነው። በሞራ ያጡት አብዛኞቹ በኦፕራሲዮን ሊመለስላቸው ይችላል፤ በግላኮማ ያጡት ግን አንዳቸውም አይመለስላቸውም። ሌላም ነገር አለ። እንዲህ ያሉ ቅኝቶች ዓይነ ስውርነትን በዋናነት የሚለኩት ሰው ፊት ለፊት ባለ ሰሌዳ ላይ ከምን ያህል ርቀት እንደሚያይ በመጠየቅ ነው። የጎን እይታውን ሁሉ አጥቶ በጠባብ ቀዳዳ የሚያይ ሰው ሰሌዳውን ካነበበ «ያያል» ተብሎ ይመዘገባል። የባቡሩ ፌርማታ ላይ ያገኘነው ሰው በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም።

ድርሻውም እያደገ የሚሄድ ነው። የሞራ ኦፕራሲዮን ዘመቻዎች በየክልሉ ይካሄዳሉ፤ ለትራኮማ በየወረዳው መድኃኒት ይታደላል፤ የሰው ዕድሜም ረዝሟል። ሌሎቹ ምክንያቶች ሲቀንሱ ከዕድሜ ጋር የሚመጣው ግላኮማ ወደ ፊት ይመጣል። በዓለም ደረጃ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ግምት እንዳሰላው ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 80 ከሆኑ ሰዎች መካከል በ2013 ግላኮማ የነበረባቸው 64.3 ሚሊዮን ነበሩ፤ በ2040 ደግሞ 111.8 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ክፍት ማዕዘን ግላኮማ በብዛት የሚገኘው በአፍሪካ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ካሉት ሰዎች 4.2 በመቶ ገደማ። በናይጄሪያ የተካሄደ ሰፊ ቅኝት ደግሞ ይበልጥ የሚያሳስብ ነገር አሳየ። ግላኮማ ከተገኘባቸው ሰዎች ከ100ው 94ቱ ከዚያን ቀን በፊት በሽታው እንዳለባቸው አልሰሙም ነበር።

ዓይን ውስጥ የሚራገፍ ብናኝ

የኢትዮጵያ ግላኮማ አንድ መለያ አለው። በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልን ታካሚዎች የተመለከቱ ጥናቶች ደጋግመው ያነሱታል። በሌንሱ ገጽና በብሌኑ ጠርዝ ላይ ነጭ አመድ የመሰለ ብናኝ ይከማቻል፤ እየተራገፈም የፈሳሹን መውጫ ይደፍናል። ሐኪሞቹ ስዩዶኤክስፎሊየሽን ይሉታል። መጀመሪያ የተገለጸው በ1917 እ.ኤ.አ. ፊንላንዳዊው የዓይን ሐኪም ዮን ሊንድበርግ ባቀረበው ጥናት ነው፤ ለረጅም ጊዜም የሰሜን አውሮፓውያን በሽታ ተደርጎ ይታይ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ከአይስላንድና ከስዊድን የወጣ ጥናት ሎክስኤል1 ከሚባል ጂን ጋር ያለውን ዝምድና አሳየ።

በአገራችን የሞራ ኦፕራሲዮን ሊሠራላቸው ቀጠሮ የተያዘላቸውን ሕመምተኞች መርምሮ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህን ብናኝ ከ100ው በ39ኙ ላይ አገኘው። ከአምስት ሰው ወደ ሁለቱ የሚጠጋ ነው። ይህ ለተራው ሕመምተኛ ምን ማለት ነው? ብናኙ ያለበት ግላኮማ ግፊቱ ከፍ ያለ፣ ነርቩን በፍጥነት የሚጎዳ ነው። ሌንሱን የያዙትን ቀጫጭን ክሮችም ስለሚያላላ የሞራ ኦፕራሲዮንን ያከብደዋል። ስለዚህ «ሞራ ነው፣ ይገፈፋል» ተብሎ የተነገረው ሽማግሌ ከኦፕራሲዮኑ በፊትም በኋላም ግፊቱ ሊለካለት ይገባል። ሞራው ተገፎለት ለጊዜው ያየ፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ግን «ኦፕራሲዮኑ ተበላሸ» ብሎ የሚመጣ ሰው አለ። ኦፕራሲዮኑ ሳይበላሽ ከሥሩ ግላኮማው ሥራውን እየሠራ ኖሮ ሊሆን ይችላል።

በባሕሩ ማዶ

በልደታ፣ በተክለ ሃይማኖትና በአካባቢው ወንድም ወይም እህቱ በጂዳ፣ በሪያድ፣ በዱባይ ወይም በቤይሩት የማይኖርለት ቤት ጥቂት ነው። በዚያ ያሉ ዘመዶቻችን ጠብታ ይልካሉ፤ እዚያው የታከሙም አሉ። ስለዚህ ከዐረቡ ዓለም ጋር ማነጻጸሩ ይጠቅመናል፤ መልኩ የተለየ ስለሆነም ያስተምራል።

በሳዑዲ ሆስፒታሎች በተሠሩ ጥናቶች ዝግ ማዕዘን ግላኮማ ትልቅ ድርሻ ይዞ ይገኛል። ለዚህኛው ዓይነት አይሪስን በሌዘር በጥቂቱ መብሳት ወይም ያረጀውን ሌንስ በኦፕራሲዮን ማውጣት ከሕክምናው ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ሁለተኛው ልዩነት በሕፃናት ላይ ነው። በምዕራባውያን አገሮች ግላኮማ ይዞ የሚወለደው ከ10 ሺህ ሕፃናት አንዱ ገደማ ሲሆን በሳዑዲ ዐረቢያ ግን ከ2,500 አንዱ እንደሆነ ተመዝግቧል። ምክንያቱ ሲዋይፒ1ቢ1 የሚባለው ጂን ነው። ሕመሙ የሚመጣው ልጁ የተበላሸውን ቅጂ ከእናትም ከአባትም ሲወርስ ስለሆነ፣ የአጎትና የአክስት ልጆች በሚጋቡበት ማኅበረሰብ ዕድሉ ይሰፋል። በሪያድ የሚገኘው የንጉሥ ኻሊድ የዓይን ስፔሻሊስት ሆስፒታል ለእነዚህ ሕፃናት በሚሰጠው ኦፕራሲዮንና በጥናቱ የታወቀ ነው።

በእኛ ደጋማ አካባቢዎች ዘመድ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ መጋባቱ ይህን ዓይነቱን ውርስ ያሳንሰዋል። እንደ አፋር አብሱማ ባሉ የዘመድ ጋብቻ ልማዶች ውስጥ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ ነው። በየትኛውም ቤት ቢሆን የሕፃን ዓይን ከወትሮው ተልቆ፣ መስታወቱ ደብዝዞ፣ ብርሃን እየሸሸ ሁልጊዜ የሚያነባ ከሆነ «ዓይኑ እንዴት ትልልቅ ነው» ብሎ ማድነቅ አይበቃም። ለሕፃኑ ሳምንታት ዋጋ አላቸው፤ ሕክምናውም በአብዛኛው ኦፕራሲዮን ነው።

ከዐረቡ ዓለም የምንወስደው ሌላም ጠቃሚ ነገር አለ። በረመዳን ጠብታ የሚያቋርጡ ሙስሊም ታካሚዎች ብዙ ናቸው። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. በጂዳ ባደረገው ጉባኤ የዓይን ጠብታ ወደ ጉሮሮ የደረሰውን ላለመዋጥ እስከተጠነቀቁ ድረስ ጾም አያፈርስም ሲል ወስኗል። አንድ ወር ሙሉ ያለ ጠብታ የሚቆይ ነርቭ የሚያጣው ነገር ስላለ፣ ይህን ውሳኔ የሰፈር ኢማሞች ቢያስታውሱት የብዙ ሰው ዓይን ይተርፋል።

የምርመራው ወንበር

ልደታ ሆስፒታል የራቀበት ሰፈር አይደለም፤ ጥቁር አንበሳና ደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታሎች ቅርብ ናቸው። በአዲስ አበባ ለዓይን ሕክምና ዋናው ስም ግን ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ትምህርት ክፍል ሐኪሞችን የሚያሠለጥንበት ነው። ከየክልሉ የመጣ ሰው ካርድ አውጥቶ በዚያ ተራ ይጠብቃል። ምርመራውን የሚፈራ ሰው ብዙ ስለሆነ ምን እንደሚደረግ ቀረብ ብለን እንይ።

መጀመሪያ በአንድ በአንድ ዓይን ፊደል ወይም አቅጣጫ ያነባሉ። ቀጥሎ አገጭዎን ደገፍ፣ ግንባርዎን ጠጋ ያደርጋሉ። ዓይን የሚያደነዝዝ ጠብታና ጥቂት ቢጫ ቀለም ይጨመራል፤ ሰማያዊ ብርሃን ይበራል። ትንሽ ሾጣጣ ፕላስቲክ የዓይንን መስታወት በቀስታ ትነካለች። ሐኪሙ በማጉያው ሁለት አረንጓዴ ግማሽ ክቦች ያያል፤ ጫፎቻቸው እስኪገናኙ ድረስ ቁልፉን ያዞራል፤ ሲገናኙ የሚነበበው ቁጥር የዓይኑ ግፊት ነው። ጊዜው ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነው፤ ሕመም የለውም። ከዚያ ማዕዘኑ ክፍት መሆን አለመሆኑ በመስታወት ባላት ሌንስ ይታያል፤ ብሌኑን በሚያሰፋ ጠብታ ነርቩ ይመረመራል። የእይታ ክልል ምርመራው ደግሞ ከጎድጓዳ ነጭ ሳህን ፊት ተቀምጦ፣ አንድ ነጥብ ላይ አተኩሮ፣ በዳር የምታበራ መብራት በታየች ቁጥር ቁልፍ መጫን ነው።

የግፊቱ ቁጥር ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ግፊቱ ከ21 በታች ሆኖ ነርቩ የሚጎዳ ሰው አለ፤ ከ21 በላይ ሆኖ ለዓመታት የማይጎዳም አለ። ስለዚህ «ግፊቴ 18 ነው፣ ደህና ነኝ» ከማለት በፊት «ነርቩስ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ የታካሚው መብት ነው።

ጠብታ፣ ሌዘር፣ ኦፕራሲዮን

ሦስቱም ሕክምናዎች ዓላማቸው አንድ ነው፤ ግፊቱን ዝቅ ማድረግ። የጠፋውን አይመልሱም፤ የቀረውን ይጠብቃሉ። ከስዊድን የወጣ ታዋቂ ጥናት ግፊቱ በአንድ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በቀነሰ ቁጥር በሽታው የመባባስ ዕድሉ በ10 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለታካሚ ከዚህ የበለጠ የሚያበረታ ቁጥር የለም።

በአገራችን በብዛት የሚታዘዘው ጠብታ ቲሞሎል ነው። ዋጋው ከሌሎቹ ይቀላል፤ ጠዋትና ማታ ይደረጋል። አስም ያለበት ወይም የልብ ምቱ የሚዘገይ ሰው ግን ለሐኪሙ ሳይናገር ሊጀምረው አይገባም፤ በዓይን የገባው ጠብታ በአፍንጫ በኩል ወደ ደም ይገባልና። እንደ ላታኖፕሮስት ያሉት በቀን አንድ ጊዜ፣ በአብዛኛው ማታ፣ ይደረጋሉ፤ ግፊቱን ይበልጥ ያወርዳሉ፤ ዋጋቸውም ከፍ ይላል።

ጠብታ አደራረጉን ብዙ ሰው አልተማረውም። እጅ ይታጠባል፤ ወደ ላይ እያዩ የታችኛውን ሽፋን በጣት ወደ ታች መሳብ፤ አንዲት ጠብታ ብቻ ማስገባት፤ የጠርሙሱን አፍ ከዓይን ጋር አለማነካካት። ከዚያ ዓይንን ጨፍኖ፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ለሁለት ደቂቃ ያህል መጫን። ይህች ሁለት ደቂቃ መድኃኒቱ ዓይን ላይ እንዲቆይ፣ ወደ ሰውነት የሚገባውም እንዲያንስ ታደርጋለች። ሁለት ዓይነት ጠብታ ካለ በመካከላቸው አምስት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጥበዋል።

ጠብታ ገንዘብም ትዕግሥትም ይጠይቃል። ለዚህ ነው ሌዘር ለእኛ ዓይነት አገር ተስፋ የሚሰጠው። በታንዛንያ ሞሺ በሚገኘው የኪሊማንጃሮ ሆስፒታል ተካሂዶ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ኤስኤልቲ የተባለውን ሌዘር ከቲሞሎል ጋር አወዳደረ። ከአንድ ዓመት በኋላ በሌዘር ከታከሙት ዓይኖች 61 በመቶው፣ በጠብታ ከታከሙት ግን 31 በመቶው የሚፈለገው ውጤት ላይ ደረሱ። ሌዘሩ በጥቂት ደቂቃ ይጠናቀቃል፤ ሰውየው በዚያው ዕለት ቤቱ ይገባል። መሣሪያው ውድ ነው፤ አንድ መሣሪያ ግን የብዙ ሺህ ሰዎችን የዕድሜ ልክ ጠብታ ሊቀንስ ስለሚችል የጤና በጀት በሚመድቡ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ መቅረብ ያለበት ጉዳይ ነው።

ጠብታም ሌዘርም ካልበቁ ኦፕራሲዮን አለ። በ1968 እ.ኤ.አ. የተዋወቀው ትራቤኩሌክቶሚ ለፈሳሹ አዲስ መውጫ በላይኛው ሽፋን ሥር ይከፍትለታል። በእኛ ቆዳ ቁስሉ ቶሎ ስለሚጠግግ አዲሱ በር እንዳይዘጋ ሐኪሙ ሚቶማይሲን የሚባል መድኃኒት ይጠቀማል። ታካሚው አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባ ነገር አለ፤ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የተሻለ አያይም። ዓላማው ያለውን ማቆየት ነው። ከዓመታት በኋላም ቢሆን የተሠራው ዓይን ቢቀላ፣ ቢያምም ወይም መግል ቢይዝ በዚያው ቀን መሄድ ይገባል።

ጠብታው ለምን ይቋረጣል?

በዓይን ክሊኒኮች ከሚደጋገሙት ንግግሮች አንዱ እንዲህ ያለ ነው።

«ዶክተር፣ ጠብታውን ጨርሻለሁ። ግን ምንም ለውጥ አላየሁበትም፤ ተውኩት።»

«አባባ፣ ለውጥ አለማየትዎ እኮ ነው ሥራው። ባይጨምሩት ኖሮ ለውጡን ያዩት ነበር።»

ይህን ለማመን ይከብዳል። የሚያቃጥል ጠብታ በገንዘብ ገዝቶ፣ ጠዋትና ማታ አድርጎ፣ ምንም የተሻለ ነገር ሳያዩ መቀጠል ትልቅ እምነት ይፈልጋል። ወር ሲሞላ ጠብታው ከመንግሥት ፋርማሲ ይጠፋል፤ የግሉ ዋጋ ይወደዳል። ያን ጊዜ ከቤት ኪራይና ከልጅ ትምህርት ጋር ሲመዘን የማያም ዓይን ይሸነፋል። የጤና መድህን አባል መሆን እዚህ ላይ ይረዳል፤ ጠብታው ማለቂያው ሳይደርስ ሳምንት ቀደም ብሎ መፈለግም እንዲሁ።

ጸበል የሚጠመቅ ሰውም ጠብታውን መተው የለበትም። እምነቱ የራሱ ነው፤ ጠብታውም የሐኪሙ ትእዛዝ ነው፤ ሁለቱ አይጣሉም። ኦፕራሲዮን የተሠራ ሰው ብቻ ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ ዓይኑ ውስጥ ምንም ዓይነት ውኃ እንዳይገባ መጠንቀቅ አለበት።

ሌላው አደጋ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛ ጠብታ ነው። ዓይኑ የሚያሳክከው ልጅ ወይም ወጣት አንድ ጊዜ የስቴሮይድ ጠብታ ታዞለት ይሻለዋል። ዴክሳሜታዞን ያለበትን ጠርሙስ ስሙን ይዞ ለወራት፣ ለዓመታትም ራሱ እየገዛ ይቀጥላል። ማሳከኩ ይጠፋል፤ ግፊቱ ግን ዝም ብሎ ይወጣል። በዚህ መንገድ በሃያ ዓመቱ ነርቩ የተበላ ወጣት ማግኘት ይቻላል። ይህ ከግላኮማ ዓይነቶች ሁሉ በቀላሉ ሊቀር የሚችለው ነው፤ የፋርማሲ ባለሙያው «ማዘዣ አለህ?» ማለቱ ብቻ ያስቀረዋል።

የአንድ ሰው ካርድ የቤተሰብ ጉዳይ ነው

መላ ከተማውን መመርመር አይቻልም፤ ሐኪሙም መሣሪያውም አይበቃም። በሽታው ያለበትን ቤት ግን እናውቀዋለን። በሆላንድ ሮተርዳም የተካሄደ ጥናት ግላኮማ ያለበት ሰው ወንድሞች፣ እህቶችና ልጆች በሽታው የሚይዛቸው ከሌላው ሰው ወደ 9 እጥፍ በሚጠጋ ዕድል እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚህ አንድ ሰው «ግላኮማ አለብህ» ሲባል ካርዱ የወጣው በእሱ ስም ቢሆንም መልእክቱ የቤተሰቡ ነው። ሐኪሙ ቀጠሮ ሲጽፍ «ወንድምና እህት አለዎት? በሚቀጥለው አብረው ይምጡ» ቢል ከብዙ የሬዲዮ ማስታወቂያ የበለጠ ሰው ያገኛል።

ይህን ለማድረስ መንገዱ በእጃችን አለ። በልደታ ዕድሩ፣ የጽዋ ማኅበሩ፣ የመስጊዱ ጀመዓ ሁሉ ቤቱን ያውቃል፤ ማን ዓይኑን እንዳጣ፣ ማን በምርኩዝ እንደሚሄድ ይነግርዎታል። ግንቦት 1 ቀን ልደታን ለማክበር ጎረቤት ንፍሮውን ቀቅሎ ቡናውን አፍልቶ ሲሰበሰብ አንድ ጥያቄ ማንሳት ይቻላል፦ በቤታችን ዓይኑ ቀስ እያለ የጠፋ ሰው ነበር? አባት፣ እናት፣ አጎት? መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ ያ ሰው በሕይወት ባይኖርም፣ ልጆቹ ከ40 ዓመት በፊትም ቢሆን ይመርመሩ። ሌላው ሰው 40 ሲሞላው አንድ ጊዜ ግፊቱንና ነርቩን ይታይ፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በሚለው መጠን፣ ብዙ ጊዜም በየአንድና ሁለት ዓመቱ፣ ይመለስ። መነጽር ለመቀየር ሲሄድም ሰሌዳ ማንበቡ ብቻ እንደማይበቃው አውቆ «ግፊቴን ለኩኝ፣ ነርቬን እዩልኝ» ይበል።

ለዚህ በሽታ የሚሠራው ቀን ሰውየው ምንም የማይሰማው ያ ቀን ነው። ያን ቀን የሚያስታውሰው ራሱ አይሆንም፤ አስቀድሞ የታመመው ወንድሙ፣ ዕድርተኛው፣ ጠብታ የሚሸጥለት ባለሙያ ነው። ስለዚህ ይህን ምዕራፍ ያነበበ ሰው መጽሐፉን አጥፎ ከማስቀመጡ በፊት በቤተሰቡ ውስጥ ዓይኑን ያጣ ሰው ካለ ለወንድምና ለእህቱ ይደውልና የሚመረመሩበትን ቀን ይወስኑ።